ሐዲድ የሌለው ባቡር ጣቢያ

ሐሙስ፣ ሊነጋ ሲል፤ ደብረ ማርቆስ

ጎህ ሊቀድ ሲል ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ በር ላይ ቆሜ እጄን በትንፋሼ አሞቃለሁ። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለውን ተረት ያመጣው ሰው እዚህ ቆሞ መኪና ሲጠብቅ ሳይሆን አይቀርም። በሩ እንደተከፈተ ረዳቶቹ «ፍኖተ ሰላም! ቡሬ! እንጅባራ! ባሕር ዳር!» እያሉ ቦርሳዬን ወዲያና ወዲህ ጎተቱት። በዚህ የምደናገጥ ሰው አይደለሁም። ከሾፌሩ ጎን ያለችውን ወንበር ያዝኩና ጋቢዬን ተከናንቤ ተቀመጥኩ።

ትናንት ማታ ስለ መንገዱ ደውዬ ጠይቄያለሁ። ዛሬ ዛሬ በዚህ አገር ሰው ሰላምታ እንደጨረሰ የሚጠይቀው «መንገዱ ክፍት ነው ወይ?» ብሎ ነው። ክፍት ነው ብለውኛል።

ወዴት እንደምሄድ ልንገራችሁ። ባለፈው ወር እዚሁ ጋዜጣ ላይ፣ ለሥልጠና ሄጄ ስላየኋት የአንዲት ትንሽ የጀርመን ከተማ ባቡር ጣቢያ ጽፌ ነበር። ስለ ቀይ ጡብ ሕንጻዋ፣ ስለ ታሪኳ፣ ግድግዳዋ ላይ ስለተሰቀለው ትልቅ ሰዓት፣ ሳንቲም ካላጎረሱት በሩን ስለማይከፍተው ሽንት ቤቷ። ጣቢያ እወዳለሁ። የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው ምድር ባቡር ውስጥ ነው። በባቡር ጉዳይ ማንም የሚያስተምረኝ የለም ብዬ እኮራለሁ።

ጽሑፉ እንደወጣ ከፍኖተ ሰላም አንዲት መምህርት ደወለችልኝ። ስሟ የኔነሽ ነው።

«ጋሼ፣ የጀርመኑን ባቡር ጣቢያ ጥሩ አድርገው ጽፈውታል። የእኛንስ መቼ መጥተው ያዩታል?»

«የእናንተ ማለት?»

«ባቡር ጣቢያችንን ነዋ! ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ላይ። ታሪክ አለው፤ መጠለያ አለው፤ ውኃም አለው። አሁን ግን ልናጣው ነው። የያዘችው እናቴ ናት። በሚመጣው ዓርብ ይለይለታል።»

ጎጃም ውስጥ ሐዲድ እንደሌለ አውቃለሁ። ልጅቷ ግን የምትቀልድ አትመስልም። ጣሊያን ጀምሮት የቀረ ሥራ ይሆን? አንዱ ባላባት አስጀምሮት የተረሳ? እንዲህ ያለ ነገር ኖሮ እኔ ሳልሰማ? እንቅልፍ አጣሁ፤ ቦርሳዬንም አነሣሁ።

ሐሙስ ረፋድ፤ ፍኖተ ሰላም

ደምበጫን አለፍን፤ ጅጋን አለፍን። በመንገዱ ግራና ቀኝ ጤፉ ቢጫ መሆን ጀምሯል፤ በቆሎው አገዳው ላይ ደርቆ ቆሟል፤ ገበሬው ማጭዱን ትከሻው ላይ ጥሎ ማሳውን በዓይኑ ይለካል። ደስ የሚል ጧት ነው። ሾፌሩም ተጫዋች ሆኖ አገኘሁት።

«ለሥራ ነው፣ ጋሼ?»

«ስለ ባቡር ጣቢያ ልጽፍ ነው የመጣሁት።»

«የሽንዲ መንገዱን ነው? አየ! እሱማ ሊቀር ነው ይላሉ። በደጉ ዘመን ስንቴ ቆሜበታለሁ መሰለዎ።»

ለካ አገር ምድሩ ያውቀዋል፤ ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

የፍኖተ ሰላም መናኸሪያ በረፋዱ ሞቅ ብሏል። ፓፓያ በሳህን ቆርጠው የሚያዞሩ ሴቶች አሉ፤ ሊስትሮዎች ጥላውን ይዘዋል፤ የትኬት መስኮቱ ፊት ያለው ሰልፍ ሰልፍ መሆኑ የሚታወቀው በጭቅጭቁ ነው። የኔነሽ ከመስኮቱ አጠገብ ጠበቀችኝ። ረዘም ያለች፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል ያደረገች፣ ዓይኗ ሳቂታ የሆነ ሴት ናት። ለዛሬና ለነገ ከትምህርት ቤቷ ፈቃድ ወስዳለች።

የቡሬው መኪና ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሳልውል ሳላድር ጥያቄዬን አወረድኩት።

«ባቡሩ አሁንም ይሠራል?»

«ሳምንቱን ሙሉ! ከበዓል በስተቀር።»

«ከየት የመጣ ነው?»

«ከጀርመን።»

«ከጀርመን? ማን አመጣው?»

«አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና። እስከ ቡሬ በጭነት መኪና መጣ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ጭቃ ስለነበር በበሬ አስጎትቶ አገባው።»

«አባትሽ ባቡር በበሬ አስጎተቱ?»

«አገሬው ተሰብስቦ ነው እንጂ ብቻውንማ አይችልም።»

ይህን ስትል በመስኮቱ ወደ ውጭ ዞር አለች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ አባቷን አስታውሼ ያስለቀስኳት መስሎኝ አዘንኩ፤ ወሬ ለወጥኩ።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ፤ ቡሬ

ቡሬ በዚህ ወቅት በርበሬ ናት። በየደጁ ጆንያ ተነጥፎ፣ በየቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ተሰጥቶ፣ ከተማው በሙሉ ይቀላል። ምሳ የበላንባት ቤት ቀይ ወጥ እንባዬን አወረደው። አስተናጋጇ ውኃ እያቀበለችኝ «እንግዳ ነዎት መሰል፤ ይልመዱት እንጂ» ብላ አጽናናችኝ። ሳልጨርሰው ግን አልተነሣሁም።

የሽንዲው ሚኒባስ ሲሞላ ተነሣን። መንገዱ ጠጠር ነው፤ አቧራው በተዘጋ መስኮት ይገባል። የኔነሽ ለሾፌሩ፣

«ባቡር ጣቢያ ወራጅ አለ» አለችው።

«እታለም፣ እዚያ አልቆምም። ትራፊክ ይቀጣኛል። ሕጋዊው ፌርማታ ጉብታው ላይ ሆኗል።»

«ጆንያ የጫነች አህያ እንኳ የምትቆምበትን ቦታ ትመርጣለች» ብሎ አንድ ሽማግሌ ከኋላ አጉረመረመ። ሾፌሩ ሳቀ፤ ግን አልቆመም።

አንድ ጥምዝ ላይ ስንደርስ የኔነሽ ጎኔን ነካ አድርጋ «ያውልዎት!» አለችኝ። አንገቴን አስግጌ አየሁ። ቆርቆሮ ቤት፣ ሰፊ ዳስ፣ የታሰሩ አህዮች። ሐዲድ ግን የለም። ግንብ የለም። አቧራው ጋረደኝና አለፍን።

ጉብታው ላይ አወረዱን። ዛፍ የለ፣ ጥላ የለ፤ ቀይ ቀለም የተቀባ አንድ ችካል ብቻ ተተክሏል። አንዲት ሴት የዱቄት ስልቻ በጀርባዋ አዝላ ዳገቱን ጨርሳ ልትደርስ ትታገላለች። የኔነሽ ሮጣ አሳረፈቻት። ቁልቁል ስንወርድ ነገሩን ሁሉ ነገረችኝ።

መንገዱ ሊሻሻል ነው። መኪና የሚቆምባቸው ቦታዎች በችካል ተለይተዋል፤ ነገ ዓርብ መሐንዲሱ መጥቶ ያያቸውና በሲሚንቶ ይታሰራሉ። የእናቷ ደጅ ችካል አልደረሰውም። ችካሎቹ ከተተከሉ ወዲህ ሾፌሮች እዚያ አይቆሙም፤ ገበያተኛውም ወደ ቡሬ መሄድ ጀምሯል።

«መኪና ካልቆመ እህል አይመጣም። እህል ካልመጣ ባቡሩ ይዘጋል። ባቡሩ ከተዘጋ ደግሞ ወንድሜ ዳኛቸው እናቴን ቡሬ ሊያስገባት ክፍል ሠርቷል። ጥሩ ልጅ ነው፤ ክፍሉም ጥሩ ክፍል ነው። እናቴ ግን ከዚህ ደጅ ከወጣች አትከርምም።»

«ቆይ፣» አልኩ ቆም ብዬ፣ «ባቡርና እህል ምን አገናኛቸው?»

ልክ ያኔ ከታች ከቆርቆሮው ቤት ድምፅ ተነሣ። ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግ። ከጣሪያው ጎን በወጣ ቧንቧ ጥቁር ጭስ እየተፈናጠረ ወጣ፤ በበሩ ደግሞ የዱቄት ደመና። ሁለት ሴቶች ከነጠላቸው እስከ ቅንድባቸው ነጭ ሆነው ስልቻ ተሸክመው ወጡ።

የናፍታ ወፍጮ ነው።

የኔነሽ መንገድ ዳር ቁጢጥ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። መኪናው ውስጥ ትከሻዋ የተንቀጠቀጠው ለአባቷ አልነበረም ለካ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ! በእኛ አገር ባቡር ማለት ይኸው ነው። ሰሙን ልስጣቸው፤ ወርቁን መጥተው ያገኙታል ብዬ ነው። ወፍጮ ቤት ልዩልኝ ብልዎት ኖሮ ይመጡ ነበር?»

አልመጣም ነበር። ይህን ለእርሷ አልነገርኳትም። ተናድጄም ነበር፤ የምድር ባቡር ልጅ በወፍጮ ተሸወደ! ንዴቴ ግን ደጃፉ ድረስም አልቆየም፤ እኔም ሳቅሁ። እናቷ እማማ የሻረግ ከዳሱ ሥር ተነሥተው «እንደምን ዋሉ ጌታዬ! ይግቡ፤ ይግቡ፤ መንገድ ጎዳዎ» እያሉ ሲቀበሉኝ አሁንም እየሳቅን ነበር። ቀጠን ያሉ፣ ቀጥ ብለው የሚቆሙ፣ አነጋገራቸው የማይቸኩል ሴት ናቸው። የዳጉሳ ጠላ ቀዱልኝ። ጌሾው ከደጃቸው የተቆረጠ ነው፤ ያስታውቃል።

ዓርብ ጧት፤ ባቡር ጣቢያ

አሁን ቃሌን ልጠብቅና ስለ ጣቢያው ታሪክና አገልግሎት እንደ ደንቡ ልጻፍ።

የእማማ የሻረግ ባለቤት በዚህ አካባቢ ሞተር የሚባል ነገር በማይታወቅበት ዘመን በሬና ማሳ ሸጠው ይህን ብረት አስመጡ። ሆዱ ላይ የተለጠፈች የብረት ሰሌዳ አለች፤ ዱቄቱን በጣቴ ጠርጌ የጀርመን ፊደል አነበብኩ። ስለዚህ አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ የጀርመን ባቡር ጣቢያ ነው ብል አልዋሸሁም።

መጀመሪያ ወፍጮው ብቻ ነበር። አስፈጪው ሲበዛ ሾፌሮች ለጭነት መቆም ጀመሩ። ባለቤትየውም ሕግ አወጡ፦ ዱቄቱ ሳይወጣ መኪናው አይወጣም። መኪና ከቆመ የመጨረሻዋ ሴት ስልቻዋን አስራ እስክትሳፈር ይጠብቃል፤ ሾፌሩ ደግሞ ጠላውን ይጠጣል። (ይህ የትራፊክ ሕግ በሌለበት ዘመን ነው።) ዳሱን የሠሩት ለዚያ ነው። መቀመጫው ከግራር ግንድ ተጠርቦ ተሠርቷል፤ ስንት ዘመን ሰው ተቀምጦበት ለስልሷል። በጀርመኗ ጣቢያ የተቀመጥኩበት ብረት ወንበር ቂጤን እንዳቀዘቀዘው እስካሁን አልረሳሁትም፤ በዚህ በኩል ጎጃም በልጣለች።

የመጠጥ ውኃ በእንስራ አለ፤ መጠጫ ቅሉ በገመድ ታስሯል። ሽንት ቤቱ ከጓሮ ነው፤ ሳንቲም አይጠይቅም። አህያ ማሰሪያ አለ። ከወፍጮ ቤቱ ጎን አንዲት ጠባብ ክፍል አለች፤ አልጋና ንጹሕ ቁርበት ያለባት። ለማን እንደሆነች ጠየቅሁ።

«ሐኪም ቤት ለሚሄዱ ነፍሰ ጡሮች ናት» አሉ እማማ የሻረግ። «መኪና እስኪመጣ ይተኙባታል። መኪናው ሳይደርስ የቸኮሉም አሉ። ስማቸውን ባቡሬ ያልኋቸው ሦስት ልጆች አሉኝ።»

ሰዓት የለም። ሰዓቱ ሞተሩ ነው፤ ሞተሩ ሲነሣ ማዶ ያለ ሰው ሁሉ ሰምቶ እህሉን ይጭናል።

ከዳሱ ሥር ገበሬዎች ተሰበሰቡ። መሐንዲሱን ሊጠብቁ ነው። ከመካከላቸው አያ መኩሪያው የተባሉ ሽማግሌ፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ አፈ ጮሌ፣ ነገሩን ከሥሩ ያስረዱኝ ጀመር።

«ዝም ብለን የተቀመጥን እንዳይመስልዎ። ቡሬ ድረስ ሽማግሌ ሆነን ሄደናል። ልጁ፣ መሐንዲሱ፣ ትሁት ነው፤ ተነሥቶ ወንበር ሰጠን። ‹ልጃችን፣ ባቡር ጣቢያችንን አትንሱን› አልነው። አሰብ አደረገና ‹አባቶቼ፣ ባቡሩ ሲመጣ ይታያል› አለን። እሱ ሲመጣ ባቡሩ ይታያል ማለቱ ነዋ! ደስ ብሎን መርቀነው ወጣን። እሱ ይመጣል ብለን ጠላ አስጠምቀን ጠበቅን። አልመጣም። ጠላው ኮመጠጠ። ሌላ ተጠመቀ። እሱም ኮመጠጠ። አንድ ቀን ብንነቃ ችካሉ ጉብታው ላይ ተተክሏል።»

ገባኝ። የእኔው የትናንት ስሕተት ነው። መሐንዲሱ ሐዲድ ያለው ባቡር መስሎት፣ ወደፊት ባቡር ወደዚህ አገር ሲመጣ ይታሰብበታል ማለቱ ነበር። ይህን ስነግራቸው የሚስቁ መስሎኝ ነበር። ማንም አልሳቀም። አያ መኩሪያው ከዘራቸውን መሬት ላይ ጫን አደረጉና፣

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይላል ያገሬ ሰው» አሉ። «አንድ ቃል ነው ያዋረደን በሉኛ!»

እማማ የሻረግ የዳሱን ምሰሶ በመዳፋቸው እየዳበሱ ቆመው ነበር። ለጽሑፍ የመጣሁ ሰው መሆኔን ረሳሁትና ይህ ነገር ዛሬ መቃናት አለበት አልኩ ለራሴ።

ዓርብ ረፋድ፤ እዚያው

መሐንዲሱ በሞተር ሳይክል መጣ። ብሩክ ይባላል፤ ወጣት ነው፤ ኮፍያውና ጫማው ላይ አቧራ ተጋግሯል። ጉብታው ላይ ችካሉን አይቶ በደጁ ሊያልፍ ሲል አያ መኩሪያው መሐል መንገድ ገብተው ከዘራቸውን አጋደሙ።

«ልጄ፣ ባቡሩ ሲመጣ ይታያል ብለኸን ነበር። ይኸው አንተ መጣህ። እየው።»

ብሩክ ግራ ገብቶት ወደ እኔ ተመለከተ። የከተማ ሰው መሆኔን ከልብሴ አውቋል። ላስረዳው አፌን ስከፍት የኔነሽ ክንዴን ያዘችኝና ለወፍጮ አንቀሳቃሹ በእጇ ምልክት ሰጠችው። ሞተሩ ተነሣ። ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግ። ዳሱ ተንቀጠቀጠ፤ ዱቄቱ ቦነነ።

ብሩክ ኮፍያውን አወለቀ።

«ባቡር ያላችሁኝ… ይሄን ነው?»

«ሌላ ምን ባቡር አለ?» አሉ አያ መኩሪያው።

«እኔ አዲስ አበባ ነው ያደግሁት። ለእኔ ባቡር ማለት በሰፈራችን የሚያልፈው ነው። እናንተ ስትሄዱ ጓደኞቼን ‹ሽማግሌዎቹ ሽንዲ ድረስ ሐዲድ አማራቸው› አልኳቸው። ሳቅን።» ፊቱ ቀላ። «በጣም ነው የማፍረው፣ አባቴ።»

«አትፈር፤ የድሬዳዋውም ሰውዬ እንዳንተው ነው» ብላ የኔነሽ አጋለጠችኝ። አሁን ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ከነሱ ጋር።

ሳቁ ግን ነገሩን አልፈታውም። ብሩክ ዳሱን አየ፤ ውኃውን አየ፤ የነፍሰ ጡሮቹን ክፍል አይቶ ብዙ ቆየ። ከዚያ ወደ መንገዱ ወጥቶ ወዲያና ወዲህ ተመላለሰ። ሲመለስ ፊቱ ከብዶታል።

«እውነቱን ልናገር። ቦታው ጥሩ ነው፤ ግን ጥምዝ ላይ ነው። መኪና መንገዱ ላይ ከቆመ ከታች የሚመጣው አያየውም። አደጋ ነው። እዚህ ችካል ልተክል የምችለው መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ግቢ ውስጥ ገብቶ የሚቆም ከሆነ ብቻ ነው።»

«ግቢው ሰፊ ነው» አለ አንዱ።

«ሰፊ ነው። መግቢያው ግን…» ብሩክ እጁን ዘረጋ።

ሁላችንም ዞረን አየን። በዳሱና በመንገዱ መካከል የእማማ የሻረግ ጌሾ ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ፣ አንጸባራቂ፣ ከሰው ቁመት ያለፈ። ባቡሩ የባላቸው ነው፤ ጌሾው ግን የእርሳቸው። ራሳቸው ተክለው፣ የወፍጮ ቤቱን ውኃ እያጠጡ ያሳደጉት። ወፍጮው በሚሰበርበት ወራት ልጆቻቸውን ያስተማሩት ቅጠሉን እየሸጡ እንደሆነ ማታ ነግረውኛል።

ማንም ‹ይነቀል› ለማለት አልደፈረም። አያ መኩሪያው ጉሮሯቸውን ጠራረጉና በመጨረሻ ነገሩን ሊያለሳልሱት ፈልገው፣

«ጌሾው ከሄደማ እኛስ ምን ልንጠጣ ነው?» አሉ።

«ውኃ» አሉ እማማ የሻረግ።

ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። ወደ ጌሾው ሄዱና የመጀመሪያውን እግር ከሥሩ ይዘው ወዘወዙት። አልነቀል አላቸው። እንደገና ወዘወዙት። ልጃቸው ልታግዛቸው ስትጠጋ በክንዳቸው ገፋ አደረጓት። አፈሩ ተሰነጠቀ፤ ግንዱ ከነሥሩ ወጣ፤ እርሳቸውም ወደ ኋላ ተንገዳገዱና ቆሙ። እጃቸውን አራገፉና ወደ ብሩክ ዞሩ።

«ምን ያህል ይበቃሃል፣ ልጄ? አሳየኝ።»

ብሩክ በጫማው መሬት ላይ መስመር አሰመረ። እንደማየው ከሆነ መስመሩን እያጠበበ ነበር ያሰመረው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመግለጥ ቃል አያንሰኝም፤ አገር ነው የተነሣው። ዶማ ያለው በዶማ፣ የሌለው በእጁ፤ እህል ሊያስፈጩ የመጡ ሴቶች ቅጠሉን እየሰበሰቡ በጆንያ ያስሩላቸው ጀመር። እኔም ሸሚዜን ሰብስቤ ገባሁ፤ መዳፌ ተላጠ፤ ደስ አለኝ። ከቀትር በፊት አውቶቡስ የሚያስገባ ደጅ ተከፈተ። ብሩክ ራሱ ጉብታው ላይ ወጥቶ ቀዩን ችካል ነቅሎ በትከሻው ተሸክሞ ወረደ፤ አያ መኩሪያውም አዲሱ ደጅ ጎን አቁመው በመጥረቢያ ጀርባ እየመቱ ተከሉት።

«ስሙን ‹ወፍጮ ቤት ፌርማታ› ብዬ ልመዝግበው» አለ ብሩክ። «ባቡር ካልኩ ከላይ ያሉት እኔ እንደሳቅሁት ይስቃሉ።»

«ለወረቀታችሁ የፈለጋችሁትን በሉት» አሉ እማማ የሻረግ። «ብቻ መኪናው ይቁም።»

ሽሮ በላን። ጠላው ቀርቦ ነበር፤ ጌሾው ከተነቀለ ወዲህ ሁሉም በትንሽ በትንሹ ይጠጣው ጀመር።

ቅዳሜ ጧት፤ ከባቡር ጣቢያ ወደ ቡሬ

ችካል ሌላ፣ ሾፌር ሌላ። ጧት ከዳሱ ሥር ሰው ሁሉ ወደ ጥምዙ አፍጥጧል። የገበያ ቀን ነው፤ ስልቻው ተደርድሯል። እማማ የሻረግ ግንዱ ላይ ተቀምጠዋል፤ አዲስ ቀሚስ ለብሰዋል። ለምን እንደለበሱ ማንም አልጠየቃቸውም።

የአውቶቡሱ ጡሩምባ ተሰማ። ብቅ አለ። አልቀነሰም። አለፈን።

አንዲት ሴት «ወይኔ!» አለች። አቧራው ሲገለጥ ግን አውቶቡሱ ከታች ቆሟል። ረዳቱ ወርዶ ችካሉን በጣቱ እያሳየ ከሾፌሩ ጋር ይከራከራል። ከዚያ አውቶቡሱ ወደ ኋላ መጣ፤ ቀስ ብሎ፣ ረዳቱ «ና! ና! በለው!» እያለ፣ በጌሾው ቦታ አልፎ ዳሱ ፊት ለፊት ቆመ። እልልታው ሞተሩን አስናቀው። እኔ አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ።

ሰው ሲጫን እማማ የሻረግ ተነሥተው እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ ወጡና ከአጠገቤ ተቀመጡ።

«ወዴት ነው፣ እማማ?»

«ቡሬ ጉዳይ አለኝ።»

ስንሄድ ዓይናቸውን ከመስኮቱ አልነቀሉም። ሰው ሲያሳፍሩ ኖረዋል እንጂ ከገዛ ደጃቸው መኪና ተሳፍረው አያውቁም፤ ባላቸው በሕይወት ሳሉ የሚሄዱት በበቅሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ወፍጮውን ጥሎ መሄድ አልሆነላቸውም። ዛሬ የኔነሽ ትጠብቀዋለች። ይህን ሲነግሩኝ እንደ ልጅ ፈገግ አሉ።

ቡሬ መናኸሪያ ልጃቸው ዳኛቸው ቆሞ ጠበቀን። ወፍራም፣ ደግ ፊት ያለው የበርበሬ ነጋዴ ነው። እናቱ መኪና ላይ እንደወጡ ሰው ደውሎለታል። ሲያያቸው ሮጦ ጉልበታቸውን ሳመ፤ ፌስታላቸውን ከእጃቸው ወሰደ።

«እሰይ እምዬ! እንኳን መጣሽልኝ! ክፍሉ ተቀብቶ አልቋል። አልጋውም ገብቷል። መስኮቱን ወደ ፀሐይ አድርጌልሻለሁ።»

እማማ የሻረግ ፊቱን በሁለት መዳፋቸው ይዘው ግንባሩን ሳሙት።

«ተባረክልኝ፣ የኔ ጌታ። የፀሐይ መስኮት ካለው በርበሬህን ስጣበት። አሁን ቺንጋ የሚሸጥበትን ሱቅ አሳየኝ፤ የባቡሩ ቺንጋ ሳስቷል። ዛሬ ካልቀየርሁት ሰኞ እህሉን አይችለውም።»

ዳኛቸው እኔን አየ፤ እኔ የአውቶቡሱን ጎማ አየሁ። የሚያስቀው ነገር አልነበረም። ልጁ ከልቡ ነው ያዘጋጀው። ራሱን ነቀነቀና ክንዳቸውን ይዞ ወደ ሱቆቹ መንገድ መራቸው።

የእኔ መኪና ወደ ደብረ ማርቆስ ሊነሣ ሲል ተመልሰው መጡ። ሞተሩን ከወፍጮው የሚያያይዘው ጥቁር የላስቲክ ቺንጋ ተጠቅልሎ በእማማ የሻረግ ትከሻ ላይ ነው፤ ዳኛቸው ልሸከምልሽ ብሎ አልተፈቀደለትም። የሽንዲው አውቶቡስ በር ላይ ረዳቱ እጃቸውን ይዞ ደገፋቸው።

«እማማ፣ የት ነው የሚወርዱት?»

«ደጄ ላይ» አሉት።